አሞራውና የጠዋት ኪኒኑ

ክሬን ነጂ ስለሆነ «አሞራው» ይሉታል። ጠዋት የብረቱን መሰላል ቧጥጦ ከወጣ እስከ ምሳ አይወርድም። እዚያች ጠባብ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ብረቱንም አርማታውንም ከተባለው ቦታ ላይ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ያሳርፋል። መጸዳጃ ቤቱ ግን ያለው ታች ነው። ስለዚህ ገና በጎረምሳነቱ ለራሱ ሕግ አወጣ፤ ከመውጣቱ በፊት እህል ውሃ አይቀምስም። ሆዱም ለመደለት፤ እሱም ይኮራበት ነበር።

ስኳር ተገኘበትና ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ሲጀምር ነገር ተበላሸ። ሐኪሟ ከምግብ ጋር ይውሰዱት ብላው ነበር። እሱ ግን ይሄ ለልጆች የሚባል ነገር ነው ብሎ ናቀው። ጎህ ሲቀድ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥ ያደርግና ይወጣል። ረፋዱ ላይ ሆዱ ይጮኻል፣ ይገለባበጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ከዚያ በኋላ መውረድ ነው፤ ያ መሰላል ደግሞ ለቸኮለ ሰው አያልቅም። የአርማታው መኪና ቆሞ እየተሽከረከረ፣ ሠራተኛው አካፋውን ተደግፎ ሽቅብ እያየ፣ አሞራው ሱሪውን ጨብጦ ይሮጣል።

«ዛሬም የሞተ ነገር አየ መሰለኝ፣ ወረደ» ይላሉ ፌሮ ሠራተኞቹ።

ፎርማኑ ግን አልሳቀም። ለብቻው ጠርቶ፣ ይህ ነገር ከተደገመ ክሬኑን ሥራውን እየተማረ ላለው ወጣት ተተኪ እንደሚሰጠውና እሱን ታች አቁሞ በእጁ ምልክት ሰጪ እንደሚያደርገው ነገረው። አሞራው መሬት ላይ ቆሞ ሌላ ሰው ክሬኑን ሲነዳ ሊያይ! የዚያን ቀን ቤቱ ሲገባ በሩን እንዴት እንዳላጋው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ከዚያ ወዲያ በሥራ ቀን ኪኒኑን እርግፍ አድርጎ ተወው። ለሚስቱ አልነገራትም፤ ለሐኪሟም እንዲሁ። በቀጠሮው ደሙ ሲታይ ስኳሩ ጭራሽ ወደ ላይ ወጥቷል። ሐኪሟ ምን ታድርግ፣ መድኃኒቱ አንሶት ነው ብላ መጠኑን ጨመረችበት። በእረፍት ቀኑ የተጨመረውን በባዶ ሆዱ ዋጠና መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከተመ።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ስትሄድ ደህና ትውላለህ፣ እዚህ ስትውል ትታመማለህ። ቤቱ ነው እንዴ ያልተስማማህ?»

በሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«አትውጠውም፣ አይደል?»

«በልቼ ብወጣ መውረዴ ነው። ሳልበላ ብውጠው መውረዴ ነው። ብተወው ደግሞ ስኳሩ ራሱ ያወርደኛል። የት ልግባ?»

«መጀመሪያ ከዚያ ውጣ» አለችው።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዶ አብረው ሐኪሟ ጋ ሄዱ። ነገሩን ሚስቱ ጀመረችለት፣ እሱ እያጉረመረመ ጨረሰው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አለመዋጡን ብታውቅ ኖሮ እንደማትጨምርበት ስትነግረው ድምፅዋ ቁጣም ነበረበት። ከዝቅተኛው መጠን እንደገና አስጀመረችው፤ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟውን ዓይነት፣ ያውም ጠዋት ሳይሆን ከራት ጋር። ሆድዎ መጀመሪያ ሰሞን ሊያስቸግርዎት ይችላል፣ ግን አብዛኛው ሰው ይለምደዋል አለችው።

አሞራው ደስ አላለውም፤ እንዲያውም በመንገዱ ሁሉ ተነጫነጨ። እንዲህ ያለ ዓይነት ከነበረ ያ ሁሉ መሰላል፣ ያ ሁሉ ሳቅ ለምን አስፈለገ?

«ሆዴን አመመኝ ብለሃት ታውቃለህ?» አለችው ሚስቱ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

እነሆ ከራት ጋር መውሰድ ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው የአርማታ ቀን ደረሰ። ረፋዱ ላይ ሆዱ አንዴ ጉርምርም አለ። አሞራው ማንሻውን ለቀቀ፤ ክሬኑም ቆመ። ታች ሠራተኞቹ አንጋጠዋል፤ ወጣቱ ተተኪም ከመሰላሉ ሥር ጓንቱን እያጠለቀ ነው። ሬዲዮው ተንጫጫ።

«አሞራው፣ ልትወርድ ነው?» አለ ፎርማኑ።

ሆዱን አዳመጠው። ዝም ብሏል።

«የአርማታውን ባልዲ ሙሉት» አለ ጥርሱን ነክሶ።