የአያ ስንሻው መጋለቢያ

ሰሞኑን ጎረቤቴ የደጇን አቧራ ለማብረድ ውሃ ስትረጭ አየሁና «ኧረ ተይ! ሲነጋ ውርጭ ይይዘዋል!» ብዬ ጮህኩባት። ሴትዮዋ ክው አለች። መተማ ላይ፣ በዚህ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ ምን ውርጭ አለ? «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳትና በሬን ዘጋሁ።

ደብረ ታቦር ለመምህርነት የተመደብኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቆላ ያደግሁ ልጅ ነኝና የጉና ተራራ ብርድ አጥንቴ ድረስ ገባ። ዘመድ የለኝ፣ ጓደኛ የለኝ። ከትምህርት ቤት መልስ የሚያናግረኝ ሰው ቢኖር አከራዬ አያ ስንሻው ብቻ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ ዳማ ከሚሉት ፈረሳቸው ጋር የቀሩ ሰው ናቸው። በየጥምቀቱ ጉግስ ይጫወታሉ፤ ለዚያም ከቤታቸው ጀርባ ፈረሱን የሚያለማምዱበት መጋለቢያ ነበራቸው።

ያ መሬት እንደ ሕፃን ነበር የሚጠበቀው። ክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ዙሪያውን ቦይ እንቀድለታለን፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር እንዳያጣብቅ ከወንዝ አሸዋ አምጥተን እንቀላቅልበታለን። በጋ ደግሞ ጓሉን እንከሰክሳለን፣ ድንጋዩን እንለቅማለን። አያ ስንሻው ጫማቸውን አውልቀው በተረከዛቸው ይጫኑትና «ተረከዝ አንድ ጣት ያህል ከገባ ደግ ነው። ካልገባ ሸኾና ይጎዳል፤ አራት ጣት ከገባ ጅማት ይበጥሳል» ይሉኛል። ከኪሳቸውም የገብስ ቆሎ ይዘግኑልኛል። እውነቱን ልናገር፣ ለፈረስ ደንታ አልነበረኝም፤ እኔ የምፈልገው ከእሳቸው ጋር የማወጋትን ያችን ጨዋታ ነበር።

ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው ለተዝካር ዘመድ ቤት ሄዱ። መሬቱ አቧራ ብቻ ሆኗል። ደስ ላሰኛቸው ብዬ ከምንጭ በጀሪካን እያመላለስኩ፣ ፀሐይ ስትገባ መጋለቢያውን በሙሉ አረሰረስኩት። ሙያ በልብ ነው ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እሳቸውም መሽቶ ገቡና ተኙ።

ሊነጋጋ ሲል ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ዳማ ለልምምድ እንደወጣ ተንሸራቶ ወድቋል፤ አያ ስንሻው ክንዳቸውን ይዘው አጠገቡ ተቀምጠዋል። መሬቱ ያብለጨልጫል። ውሃ አድሮ ድንጋይ እንደሚሆን እኔ ቆለኛው የት አውቄ!

ፈረሱ ተነሳ፤ ግን የኋላ እግሩን ያነክሳል። አያ ስንሻው መሬቱን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«የዘንድሮ ውርጭስ ባሰበት» አሉ። «ድሮ ቢሆን ሳልጭን በፊት አየው ነበር። ዓይኔ ከዳኝ። አረጀሁ፣ ልጄ።»

የለም፣ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ቢጠሉኝስ? በዚያ አገር ከእሳቸው ሌላ ማን ነበረኝ?

«አይዞዎት» ብቻ አልኩ።

የጥምቀት ዕለት ዳር ቆመው የሌሎችን ጉግስ አዩ። ሲመለሱ «በቃኝ» አሉ። ዳማን ሲሻለው ለአንድ የእስቴ ሰው ሸጡት፤ መጋለቢያውንም አርሰው ድንች ተከሉበት። ከዚያ ወዲያ አብረን የምንሠራው ሥራ አልነበረምና ጨዋታችንም ቀረ። እሳቸው በራቸውን ይዘጋሉ፣ እኔም የእኔን። ሲያስሉ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር።

ድንቹ ሲደርስ አንድ ቁና ሙሉ ይዘውልኝ መጡ።

«ድንጋዩን ስትለቅም የከረምክ አንተ ነህ። እንካ፣ ድርሻህ ነው።»

ቀቅዬ በላሁት። ውሃውን የረጨሁት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። በዓመቱ ተዛወርኩ፤ መሞታቸውንም ከሰው ሰማሁ።

ይኸው ዛሬ ዕድሜዬ ከእሳቸው ዕድሜ ደርሷል። ቁልፍ ያስቀመጥኩበት ሲጠፋኝ፣ ደፉ ሲያደናቅፈኝ፣ ብቻዬን «አረጀሁ» እላለሁ። እውነትም አርጅቻለሁ። አያ ስንሻው ግን ያን ቀን ዓይናቸው ደህና ነበር። ያስረጀኋቸው እኔ ነኝ።