ለበረዶ የተላገ ዋንዛ

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ማዳበሪያ መወደድ አወሩ፣ በመጨረሻ ወደ ጉዳያቸው ገብተው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አባቴም እንደ ወጉ «እንመካከርበት» ብለው መለሱ። ሊነሡ ሲሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ «ለመሆኑ ልጂቱ ያን ሁሉ ጊዜ ዱባይ ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ክፉ ጥያቄ አይደለም፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። አባቴ «ሰው ቤት ነበረች» አሉ።

ሰው ቤት አልነበርኩም። ከደብረ ታቦር አብረውኝ የወጡት ሴቶች አብዛኞቹ ሰው ቤት ነበሩ፤ የሰው ልጅ አሳድገው፣ የሰው ወለል ወልውለው ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ ናቸውና ሥራው አያሳፍርም። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ የሠራሁት የበረዶ ቤት ውስጥ ነበር። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ኮረብታ ሠርተው፣ ኮረብታውን በረዶ አልብሰው፣ ውጭ ሙቀቱ አናት እየበሳ እዚያ ውስጥ ሰው ካፖርት ለብሶ ይንሸራተታል። የሚንሸራተተው በስኪ ነው፤ ስኪ ማለት እግር ላይ የሚታሰር ረጅም ጠፍጣፋ ነገር ነው። የእኔ ሥራ የመጣውን ሰው እግር ለክቶ የሚሆነውን ጫማና ስኪ መስጠት፣ ሲመለስም ስኪውን ገልብጦ ሆዱን ሰም መቀባት ነበር።

ይህን ሁሉ የመጣሁ ሰሞን ለአባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ፈገግ ብለው ሰሙኝ። ፎቶም አሳየኋቸው፤ የደንብ ልብስ ለብሼ፣ ከኋላዬ በረዶው ነጭ ብሎ። ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት፣ «እዚህ ፎቶ ቤትም እኮ አውሮፕላን አጠገብ ቆሞ የሚነሣ አለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸውና እናቴ ፏፏቴ ፊት የተነሡት ፎቶ ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ፏፏቴው መጋረጃ ላይ የተሣለ ነው። በዚያ ላይ በጎልማሳነታቸው መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው ስለነበር ሙቀት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። በዚያ ሙቀት ውስጥ በረዶ አለ የሚል ሰው፣ ልጃቸውም ብትሆን፣ ቢያንስ አጋንኗል።

ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኋቸው። «አባየ፣ ለምን እውነቱን አልነገሯቸውም?»

«እውነቱን ባውቀው እነግራቸው ነበር» አሉ። አልተቆጡም፤ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። «ያልሽኝን ብላቸው የሚስቁት ባንቺ ነው። ሰው ቤት ካልሁ ማንም አይስቅም።»

ለእኔ ብለው መዋሸታቸው ነው ይበልጥ ያመመኝ። ዱባይ ሳለሁ የበረዶ ቤት ብርድ ጣቴን ሲያደነዝዘው «አባየ ይህን ቢያዩ» እያልኩ ነበር የምጽናናው። አሁን ሰው ፊት ስለ እኔ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካላመኑኝ በዚህ ከተማ ማን ሊያምነኝ ነው? አባቴ ኩርፊያዬ የእናቴ ነው ይላሉ፤ እሷ ደግሞ የአባቴ ወገን ነው ትላለች። ከማንም ይምጣ፣ በዚያ ሳምንት ቤቱን አንገፈገፍሁት።

አባቴ አናጢ ናቸው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ሲብስም የሬሳ ሣጥን ይሠራሉ። አንድ ጠዋት ከእሳቸው በፊት ተነሥቼ ዳሳቸው ሥር ገባሁና፣ ግድግዳ የተደገፈች ንጹሕ ጣውላ ላይ በከሰል ስኪ ሣልሁ። በልኩ ነው የሣልሁት፤ ቁመቱ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ፣ አፍንጫው ቀና ያለ። መጥተው አዩት።

«ማነው ጣውላዬን ያበላሸው?»

«እኔ ነኝ። ያልኩዎት ነገር ይህ ነው።»

ሊቆጡ ጀምረው ተዉት። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ተከተሉት። «አፍንጫው ምን ሆኖ ወደ ላይ ዞረ?» አሉ። አባቴ እንዲህ ናቸው፤ ሰውን ሊጠረጥሩ ይችላሉ፣ የእንጨት ነገር ሲሆን ግን ሳይጠይቁ ማለፍ አይሆንላቸውም።

የመጀመሪያውን ከባሕር ዛፍ ሠሩልኝ። ሲሠሩ ብዙ አልጠየቁኝም፤ የበር መቃን እንደሚሠሩ ወፍራም፣ ጠባብና ቀጥ ያለ አድርገው አወጡት፤ አፍንጫውን ብቻ ጫፉ ላይ ቆልመም አደረጉት። አንድ ከሰዓት ከተማው ላይ በረዶ ሲጥል ቦቲ ጫማዬን አድርጌ፣ በጎማ ቁራጭ አስረን፣ ከቤታችን ኋላ ያለው ቁልቁለት ላይ ቆምሁ። አልተንሸራተትሁም። ጣውላዎቹ በረዶውን ሰንጥቀው ወረዱና አፍንጫቸው ሣሩ ውስጥ ተተከለ፤ እኔም በደረቴ ጭቃው ላይ። አባቴ አንሥተውኝ ጭቃዬን እያራገፉ፣ «ይህ ማረሻ ነው እንጂ መንሸራተቻ አይደለም» አሉ። በሆዳቸው ምን እንዳሉ ግን ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ያን ዕለት ነው ቁጭ ብዬ በደንብ ያስረዳኋቸው። በረዶ ቤታችን ከበረዶ አገር የመጣ አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ነበረ። የራሱን ስኪ ግድግዳችን ላይ ሰቅሎት ነበር፤ ከምናከራየው ሁሉ የሚሰፋ፣ አፍንጫውም ጅራቱም ከሩቅ ጀምሮ ቀስ እያለ ቀና የሚል። እዚያ ቤት አይጠቅምም፤ የእኛ በረዶ ተደምድሞ እንደ ወለል የጠነከረ ነው። የእሱ ስኪ የተሠራው ሌሊት ለወረደ፣ ማንም ላልረገጠው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ ለሚሰምጥበት በረዶ ነው። «ዱቄት» ይለዋል ያንን በረዶ። «የገብስ ነው የበቆሎ?» ብዬ ብጠይቀው በጣም ሳቀ፤ ኋላ ግን አስቦበት መጣና፣ «ሲረግጡት ቡን የሚለው የትኛው ነው? እሱ ነው» አለኝ።

«ለምን ሰፋ?» አሉ አባቴ።

«እንዳይሰምጥ ነው። ረግረግ ላይ የላም ኮቴ ይሰምጣል፣ የውኃ ወፏ የይብራ እግር ግን አይሰምጥም።»

«አፍንጫውስ? እኔም አቅንቼዋለሁ።»

«አንቱ ጫፉ ላይ ቆለመሙት። ከሩቅ መጀመር አለበት፤ በረዶው ላይ እንዲወጣበት እንጂ እንዲወጋው አይደለም። እግር ሥር ይወፍራል፣ ወደ ዳርና ዳር እየሳሳ ይሄዳል። ሲረግጡት መተጣጠፍ አለበት፤ ድርቅ ካለ በረዶው ሰውየውን ይጥለዋል።»

በማግስቱ ባሕር ዛፉን ለማገዶ ሰጥተው ዋንዛ አወጡ። ወይራ ከባድ ነው፣ ጽድ ይሰነጠቃል፣ ዋንዛ ቀላልና ታዛዥ ነው አሉ። ለአንድ ሰው አልጋ ብለው ያስቀመጡት ዋንዛ እንደነበር እኔም እናቴም እናውቃለን፤ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። ጫፎቹን ፈልቶ በሚንተከተክ ውኃ ቀቅለው፣ በድንጋይ ተጭነው፣ ቀስ በቀስ አጎበጧቸው። መላጊያቸውን እየገፉ ዳሩን አሳሱ፣ ለኩ፣ እንደገና አሳሱ። ከዚያ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመው መኻሉን በእግራቸው ረገጡት። ጣውላው ወረደ፣ ተመልሶም ወጣ። «አሁን ተነፈሰ» አሉ። ያን ጊዜ ወደድኋቸው፤ ሳያምኑኝ እንኳ እንዲህ አድርገው ለእኔ መሥራታቸውን ወደድሁላቸው።

ከዚህ በኋላ የቀረን በረዶ መጠበቅ ነው። እናቴ ነገሩን የሰማችው ለጧፍ ያስቀመጠችውን ሰም ሆዱን ልንቀባ ስንወስድባት ነው። «አገር በረዶ እንዳይጥል ይሳላል፣ እናንተ እንዲጥል ትጠብቃላችሁ?» አለች። «እግዜር እናንተን ሰምቶ የሰው ገብስ ቢያስመታ ምን ልትሉ ነው?»

«እኛ የጠየቅነው ከማሳ በላይ ነው» አሉ አባቴ፣ ሰሙን እየለቀለቁ።

የእናቴ ወንድም ከገሳይ ወደ ጉና ተራራ መውጫ ላይ ነው የሚኖረው፤ ገበሬ ነው። ከማሳው በላይ፣ ጓሳው ላይ፣ ሌሊቱን ከባድ በረዶ እንደጣለና አዝመራውን እንዳልነካው ደውሎ ሲነግረን አባቴ ቆብ እንኳ ሳያደርጉ ተነሡ። ስኪዎቹን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለን ሚኒባስ ላይ ጫንን። ከገሳይ በእግር ወጣን። አጎቴ አንዱን ስኪ ተሸክሞልኝ መንገዱን ሙሉ «በሩ የማን ነው?» እያለ ሲቀልድብን ነበር።

ተዳፋቱ ነጭ ነበር። በረዶው ጉድባው ላይ ተከምሮ ከቁርጭምጭሚት ያልፋል። ዱቄት አይደለም፤ ጠጠር ጠጠር ነው። ቢሆንም ሲረግጡት ይሸሻል፣ እግር ይውጣል። አሰርሁ፣ በዱላ ገፋሁ፣ ሄድሁ።

ዋንዛው አልሰመጠም። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ተንገራገጨ፣ ከዚያ አፍንጫው በረዶው ላይ ወጣ፣ እኔም አብሬው ወጣሁ። ከሥሬ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ በጫማዬ በኩል እስከ ጉልበቴ ይሰማኛል። ጉልበቴን ሳጥፍ ጣውላው ይታጠፋል፣ ሳቀና ይመልሰኛል። ዱባይ የለመድሁት ጠባቡ ስኪ በጠርዙ እየነከሰ ነበር የሚሄደው፣ ጥርስ ያለው ነገር ነው። ይህኛው አይነክስም፤ ተኝቶ ይሄዳል። ሽማግሌው አስተማሪ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲናፍቀው የነበረው ምን እንደሆነ ጉና ላይ ገባኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፣ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ላዞር ስል ነው የወደቅሁት። ሰፊ ስኪ ጥድፊያ አይወድም፤ በጎኑ ለማጋደል ጊዜ ይፈልጋል፣ እኔ ግን በጠባቡ ልማዴ ቸኮልሁ። ተገለበጥሁ፣ እግሮቼ ከነጣውላቸው ተጠላለፉ። አጎቴ እየሳቀ ሊያነሣኝ ሮጠ። የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ «ተዋት።»

አላሰብሁበትም። ዱባይ ጠዋት ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ ሠራተኛው እንዲንሸራተት ይፈቀድ ነበርና ያኔ መነሣትን በመውደቅ ብዛት ተምሬዋለሁ። በጀርባዬ ተንከባልዬ ሁለቱንም እግር ወደ ሰማይ አነሣሁ፤ ጣውላዎቹን አለያይቼ ከእኔ በታች በኩል፣ ለተዳፋቱ አግድም፣ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ከዚያ በጎኔ ሆኜ፣ እጄን ወደ ሽቅቡ ተክዬ፣ ተነሣሁ። ቀና ስል አባቴ ሲያዩኝ አገኘኋቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር።

ስንመለስ የሚኒባሱ ረዳት ጆንያውን ወደ ላይ እየሰጠ፣ «አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» አላቸው።

«የልጄ የሥራ ዕቃ ነው» አሉት፤ «ቀስ አድርገህ አስቀምጠው።»

እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ መጣሁ፤ ፊቴን እንዳያዩት ነው።

ሽማግሌዎቹ ለመልሱ ሲመጡ እንደ ፊተኛው ጓዳ ነበርኩ። አባቴ ሳይጠየቁ ጀመሩ። «ባለፈው የነገርኋችሁ ልክ አይደለም። ልጄ ሰው ቤት አልነበረችም» ብለው የበረዶ ቤቱን፣ ጫማውን፣ ሰሙን፣ ሰፊውንና ጠባቡን ሁሉ አስረዱ። አንደኛው ሽማግሌ ሳል እያስመሰሉ ሳቁ። «ጌታው፣ ይህን አንቱ አይተውታል?» አሉ።

«ዱባይን አላየሁም» አሉ አባቴ። «ስትወድቅ አይቻለሁ። እኔ የማልችለውን አነሣሥ ተነሣች። ይህን ማንም በወሬ አይፈጥረውም፣ ሥራው ላይ ቆይተው ነው የሚያውቁት።»

ሽማግሌዎቹ በጨዋ ደንብ ተሰናብተው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ኋላ የሰማነው፣ ወይ ልጂቱ ወይ አባቷ ጤና የላቸውም መባሉን ነው። እናቴ ለብዙ ቀን አባቴን አላናገረችም። ሽማግሌ የላከውን ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ አይቼው ነበር፤ አልጠላሁትም፣ እንዲያውም ሐሳቡ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ዳሳቸው ሥር ፍቅፋቂ ስጠርግላቸው መላጊያቸውን አቁመው አዩኝ። «ልዋሽልሽ ይገባኝ ነበር?» አሉኝ።

መልስ ልሰጣቸው አፌን ከፈትሁ፣ እንባዬ ቀደመኝ። ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅሁላቸው፤ አይገባዎትም ነበር ለማለት።