ለጆይስቲኩ የተሠራ ዳንቴል

ለልጄ ጆይስቲክ ልገዛ ሀይሌ ጋርመንት ካለ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ከካርቶኑ ሲያወጣው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታው አወደኝና እጄን ሳልዘረጋ ቆምኩ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ብስራተ ገብርኤል ሳለን፣ አባቴ ከውጭ ሲመለስ እንዲህ ያለ አምጥቶልኝ ነበር። በኮምፒውተር አውሮፕላን የማበርርበት መሪና ለብቻው የቆመ የፍጥነት ማንሻ ነበረው። አብራን የምትኖረው አክስቴ ዘነበች አቧራ እንዳይነካቸው ብላ፣ ለቴሌቪዥናችን እንዳደረገችው ሁሉ፣ ለሁለቱም በነጭ ክር ዳንቴል ሠራችላቸው። የመሪው ዳንቴል ጫፉ ላይ ትንሽ ኮፍያ ነበረችው።

አንድ ቅዳሜ የክፍሌ ልጆች ሊጫወቱ መጡና ዳንቴሉን ሲያዩ በሳቅ ፍርስ አሉ።

«ማነው አውሮፕላኑን ቀሚስ ያለበሰው?» አለኝ አንዱ።

«ሠራተኛችን ናት» አልኩ። ቤታችን ሠራተኛ ኖሮ አያውቅም።

አክስቴ ትኩስ ዳቦ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን አስቀመጠችና ሁለቱን ዳንቴል አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ብሉ እንጂ ልጆች» አለች፤ «ሠራተኛዋ የጋገረችው ነው።»

እኔም በላሁ። ዳንቴሉን ዳግመኛ አላየሁትም፤ እሷም እስክትሞት ነገሩን አላነሳችብኝም።

«አቧራ አይወድም» አለ ሻጩ ካርቶኑን እየዘጋ። «ቤት መሸፈኛ አለዎት?»

«ነበረኝ» አልኩት።