ቀና ሲሉ የሚመጣ ራስ ምታት

የታቦር ሰፈር ሰው ፅጌን የሚያውቃት የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋቷና ሰውን ቁጭ ብላ ባለመቀበሏ ነው። ከበር የገባው ማንም ይሁን፣ የስፌት መኪናዋን ትታ ብድግ ነው። "ኖር" ትላለች፤ "በእግዜር" እስኪሏት አትቀመጥም። ይሉኝታዋ ልክ የለውም።

ይኸው ይሉኝታ አራስ ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ። በኦፕራሲዮን ስትወልድ ጀርባዋ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወግታ ነበር። እናትም ልጅም ደህና ሆነው ቤት ገቡ። ከዚያ ግን ቀና ስትል ግንባሯንና ማጅራቷን ጨምድዶ ይይዛታል፤ ጋደም ስትል ይተዋታል። ተቀምጣ ማጥባት አቃታት። ልጇን ሌላ ሰው ሲያቅፍላት እያየች ታለቅስ ነበር።

አማቷ እትዬ ጥሩወርቅ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨመቁላት። አልለቀቃትም። "ተኝታ ስትስቅ ቆይታ እኔ ስገባ ነው እንዴ የሚያማት?" አሉት ልጃቸውን ካሌብን። እውነታቸውን ነው እኮ፤ ልትነሳላቸው ስትል ነበር የሚያማት። ፅጌ ይህን ከሰማች ወዲህ ጥርሷን ነክሳ መነሳት ጀመረች። አንድ ቀን "ኖር" ብላ ሳትጨርስ አስመለሳትና ግድግዳ ይዛ ቀረች።

ካሌብ ደንግጦ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዳት፤ እናቱም ሕፃኑን አቅፈው አብረው ሄዱ።

"አሁን ያምሻል?" አለቻት ሐኪሟ ዶክተር ሳያት፣ ፅጌ አልጋ ላይ እንደተጋደመች።

"አሁንስ ደህና ነኝ።"

"እስቲ ቀና በይ።"

ቀና አለች፤ ፊቷ ጠቆረ።

"መርፌው የገባበት ቀዳዳ አልተደፈነም" አለች ዶክተሯ። "አንጎልሽን የሚደግፈው ፈሳሽ በዚያ እየወጣ ነው፤ ለዚህ ነው ስትነሺ የሚብስብሽ። ከክንድሽ ደም ወስደን ጀርባሽ ላይ እንወጋዋለን፤ እዚያ ረግቶ ይደፍነዋል።"

"ከአራስ ደም? የፈሰሰው አይበቃትም?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"የትም አይሄድም እናቴ፤ እዚያው ገላዋ ውስጥ ነው የሚቀረው።"

አማቲቱ ወደ ፅጌ ዞሩ። "እንዲህ እያመመሽ ለምን ትነሽልኛለሽ?"

"እርስዎ እየገቡ እንዴት ልተኛ?"

ሕክምናው ተሠራላት፤ በጀርባዋ ተንጋላ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ሕመሙን በፍርሃት ጠበቀችው። አልመጣም። ልጇን ተቀብላ አጠባች።

በማግስቱ አማቷ ሲገቡ ፅጌ ልጇን ከጡቷ ልታላቅቅ ስትል ትከሻዋን ይዘው መለሷት።

"ቁጭ በይ ልጄ። ዛሬ እኔ ልቁምልሽ" አሉና፣ አጥብታ እስክትጨርስ ቆመው ጠበቋት።