አሥራ ሰባተኛው ገጽ

አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ ውስጥ ማተሚያ ቤት ሥራ የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፎርማናችን ጋሽ ዘውዴ እጄን ገልብጠው አዩና፣ «ይሄ እጅ ቀለም አያውቅም፤ ግድ የለም፣ ይለምዳል» አሉኝ። ሥራዬ የገጾቹን ፊልም በመብራት ጠረጴዛ ላይ መደርደር፣ አቧራ የተወውን ነጥብ በቀጭን ብሩሽ መድፈን፣ ከዚያ ፕሌት የሚባለውን የማተሚያ ቆርቆሮ ማውጣት ነበር። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ደንበኛ ሲመጣ የሚያስተረጉሙኝ እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ሚስተር ሊን የሚባሉ ቻይናዊ አዛውንት ብሩክሄቨን ከሚባለው ሰፈር መጡ። በገዛ እጃቸው በብሩሽ የጻፉትን አጭር የሳይንስ ልቦለድ ይዘዋል። አገራቸው ሳሉ እንዲያሳትሙት አልተፈቀደላቸውም። ታትሞ ሳያዩት እንዳይሞቱ ፈርተው ነበር።

«ስለ ምንድነው?» አልኩ።

ጋሽ ዘውዴ ጠይቀው ነገሩኝ። «መሬት ትቀዘቅዝና ሰው በጠፈር መርከብ ይሰደዳል። መንገድ ላይ አየር ያጥራል። ካፒቴኑ ሽማግሌዎቹ ከመርከቡ ወደ ውጭ ይጣሉ ይላል። ሥልጣኔ ይበልጣል ወይስ መትረፍ፣ እሱ ነው ኩዌስችኑ።»

ሥልጣኔ ሲሉኝ የታየኝ አስፋልትና ኤሌክትሪክ ነው። «ይሄ ምን ያከራክራል? መብራት ከጠፋ ኩራዝ አለ! ከመሞት መሰንበት» ብዬ ፈረድኩ።

ሲተረጎምላቸው ሚስተር ሊን አልሳቁም። ብሩሼን ተቀብለው በቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት ጻፉ። አንዱ ጽሕፈት፣ ሌላው ብርሃን ነው አሉ። «ጎን ለጎን ሲቆሙ እናንተ ሥልጣኔ ያላችሁት ይሆናሉ። እኔ ስለ አምፖል አልጻፍኩም።» አፈርኩ።

ችግሩ የመጣው ስንደረድር ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ የሳቸው ግን አሥራ ሰባት ሆነ። በካሜራ አሳንሰን እንዳናነሳው ቀጫጭኑ ጽሕፈት በቀለም ይደፈናል። ሌላ ወረቀት ለመጨመር ደግሞ አቅማቸው አልፈቀደም።

«አንድ ፔጅ ድሮፕ ማድረግ አለባቸው» አሉ ጋሽ ዘውዴ። በመጨረሻው ገጽ መርከቢቱ አዲስ ምድር ትደርሳለች። ከሱ በፊት ባለው ወጣቶቹ የካፒቴኑን ትእዛዝ እምቢ ብለው አየሩን ከሽማግሌዎቹ ጋር በየተራ ይተነፍሳሉ። «አየር የሚካፈሉበት ይውጣ። አንባቢ መጨረሻውን ነው የሚፈልገው።» እኔም በዚሁ ተስማማሁ።

ሚስተር ሊን ሁለቱን ገጾች በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ መርከቢቱ የምትደርስበትን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ኧረ ሰው ተረፉ ወይ ብሎ ይጠይቃል!» አሏቸው ጋሽ ዘውዴ።

«ይጠይቅ። መድረሳቸውን በራሱ ሊገምት ይችላል። ምን ዓይነት ሰዎች ሆነው እንደደረሱ ግን ካልነገርኩት አያውቅም።»

የቀረውን ገጽ ዘርግቼ ነጥቦቹን ስደፍን እንባዬ መጣ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ከአገር ወጥተን ወደ ሱዳን በእግር ስንሰደድ ውኃ የያዘው ሰውዬ ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚቀዳው አብረውን ለነበሩ አንዲት አሮጊት ነበር። ጉሮሯችን ደርቆ ጮኽንበት። «እሳቸውን ጥለን ከደረስን፣ ማን ደረሰ ሊባል ነው?» አለን። አሮጊቷ ከድንበሩ ሳንደርስ አረፉ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ጠጥተዋል፤ እኛም ቀብረናቸው ነው ያለፍነው።

መጽሐፉ ታተመ። ሚስተር ሊን የመጀመሪያውን ቅጂ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ብሩክሄቨን ተመለሱ።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ ገጽ ሲተርፍባችሁ መጨረሻውን ለማትረፍ አትቸኩሉ። ሌላው ሁሉ የተጻፈለትን ገጽ ለዩና እሱን አታውጡ።