ፊቴን በስልክ መብራት

እህቴ መስማት ያቆመችው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የልደታ ማርያም ደወል ጠፋባት፤ ቀጥሎ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት (በዚህስ ቀንቼባታለሁ)፤ በመጨረሻ የእኔ ድምፅ። አሁን የሰው ከንፈር እያየች ነው የምትግባባው። የአማርኛ ፊልም ግን አልተወችም። ችግሩ፣ የእኛ ተዋንያን ዋናውን ነገር የሚናገሩት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነው።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን። ሲኒማ ስንገባ ጥግ እንይዛለን። የስልኬን መብራት አገጬ ሥር አድርጌ፣ የተባለውን ሁሉ ያለ ድምፅ በከንፈሬ እደግምላታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከኋላችን አንዱ ጎረምሳ፣ "ፋዘር፣ ፊትህን አጥፋልን!" ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

"ምን አለ?" አለች እህቴ፣ የድምፅዋን ልክ ስለማታውቀው ጮክ ብላ።

መብራቱን አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ትታ ሰዉን ማየት ጀመረች። ሲስቁ ትስቃለች፤ ዝም ሲሉ ዝም ትላለች። በፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ስትፈልጋት የኖረችውን እናቷን ሞታ ስታገኛት፣ አጠገባችን የነበሩ ፍቅረኞች በራሳቸው ጨዋታ ተሳሳቁ። እህቴም አብራቸው ሳቀች፤ ከት ብላ፣ ከልቧ።

"ኧረ ሴትዮዋን ምን ነካቸው?"

"ያስወጧቸው!"

የተቆጡ ፊቶች ወደ እሷ ሲዞሩ አየች። ፊልሙ እስኪያልቅ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጁን፣ ንግግሩ ከሥር በጽሑፍ የማይወጣው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ የአማርኛ ፊልም እኮ ነው። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ጽሑፍ ምን ያደርግለታል?"

"ለማይሰማስ?"

"ውጭ አገር የተላከው ኮፒ አለው። በእንግሊዝኛ።"

ልደታ የት እንዳለች ለማያውቅ ፈረንጅ እያንዳንዱ ቃል ተጽፎለታል። ዕድሜዋን ሙሉ አማርኛ ስታስተምር የኖረችው እህቴ ደግሞ የሰው ጥርስ እያየች ትገምት።

የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ስንደርስ፣ ልብስ ከተሰጣበት አጠገብ አቆመችኝ።

"ሰዉ ለምን ተቆጣኝ?"

"ጮክ ብለሽ ስለሳቅሽ ነው፣ እትዬ።"

"ታዲያ አያስቅም ነበር? ልጅቷ እናቷን አላገኘቻትም?"

"አገኘቻት።"

"በሕይወት?"

"በሕይወት።"

ከንፈሬን ትክ ብላ አየችው። ፀሐዩ ፊቴ ላይ ነበር፤ መብራት አላስፈለገኝም።

"አልያዝኩትም፣ ድገመው" አለችኝ።

ደገምኩላት፤ ቀስ ብዬ፣ አፌን ከፈት አድርጌ።