የሐጃ ልክና የእናቴ ልክ

ከሐይቅ የወጣሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሻንጣዬ ሚኒባሱ ጣራ ላይ ታስሯል፤ ረዳቱ "ደሴ! ኮምቦልቻ!" እያለ ይጮሃል፤ አብረውኝ የሚሄዱት የሁለቱ ልጆች እናቶች መስኮቱን የሙጥኝ ብለው ያለቅሳሉ። የእኔ እናት የለችም። እናቴ ሙሚና የተሰናበተችኝ ከግቢያችን በር ላይ ነው። "እማ፣ እስከ ደሴ እንኳ ሸኝኝ" ብላት፣ "እግሬን ያመኛል የኔ ልጅ፤ አላህ ይከተልሽ፤ ሂጅ በቃ" ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እንዴት እንደከፋኝ ልነግራችሁ አልችልም! አርዲቦ ድረስ በእግሯ ሄዳ ዘመድ ጠይቃ የምትመለስ ሴት ነበረች እኮ። እውነቱን ለመናገር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሠርግም፣ ለቅሶም፣ ዱዓም መቅረት አብዝታ ነበር። እኔ ግን እርጅና ነው ብዬ አልፌው ነበር። ያን ቀን "ልጇን ለመሸኘት ሰነፈች" አልኩና ቂሜን ከሻንጣዬ ጋር ይዤ ሄድኩ።

ጊዜው ለውጥ መጣ የተባለበት ሰሞን ነው። በሕጋዊ መንገድ አረብ አገር መሄድ ተፈቀደ ሲባል፣ ሐይቅ ገበያ የሴት ቀሚስ ስሰፋበት የኖርኩትን የስፌት መኪና ለታናሽ እህቴ ለሉባባ ትቼላት ፓስፖርት አወጣሁ። የደረሰኝ አገር ዮርዳኖስ፣ ከተማው አማን ሆነ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፓስፖርት የሚያየው ፖሊስ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ስምሽ ማን ነው?" አለኝ።

"ዘምዘም።"

"ዘምዘም ውሃ ነው።"

ቁርአን ቤት በለቃቀምኳት አረብኛ፣ "እኔም የመጣሁት ከሐይቅ ነው" አልኩት።

ሳቀ፣ ማኅተሙን መታልኝ። ከዚያ በኋላ ግን አሠሪሽ መጥታ እስክትወስድሽ ተብዬ ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ተጎለትኩ። ሳቅ ሌላ፣ ሕግ ሌላ!

የአማን ብርድ የአምባሰልን ተራራ ብርድ ያስንቃል። እንጀራ ይመስላል ብለው ሽራክ የሚሉትን ስስ ቂጣ ሰጡኝ፤ ዓይን የሌለው እንጀራ። ጀሚድ የሚባል የደረቀ እርጎ አላቸው፤ በድንጋይ ፋንታ ጎረቤት ላይ ብትወረውሩት ይፈነክታል። ሰዎቹ ግን እንደኛ እንግዳ ሲመጣ "ብሉ፣ ብሉ፣ በአላህ!" ይላሉ። እዚህ ላይ ወሎ ያለሁ መሰለኝ።

የምጠብቃቸው አሮጊት ሐጃ ይባላሉ። ልጃቸው ማዳም ሪም ናት። ሐጃ ሽንት ያመልጣቸው ስለነበር ዳይፐር ይለብሳሉ። በአረብኛው ሐፋዳ ይሉታል። በላስቲክ በተሸፈነ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ፤ እንግዳ ሲያንኳኳ "ተኝታለች በያቸው" ይሉኛል። ፊት ለፊት ያለችው ጓደኛቸው በመስኮት እጇን ስታውለበልብ መጋረጃውን ይዘጋሉ።

የመጀመሪያ ቀን ሳለብሳቸው ችግሩ ገባኝ። ሱቅ ውስጥ ያለው ትልቁ ቁጥር ነው የተገዛላቸው። ሐጃ ደግሞ የመቃ ያህል ቀጭን ናቸው።

"ማዳም፣ ይሄ ለሐጃ ይሰፋቸዋል" አልኳት።

"ትልቁ ብዙ ይይዛል" አለች።

"መች ያዘና ማዳም! በጭናቸው በኩል እየወረደ ነው።"

"አንች ሐኪም ነሽ?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ከሻንጣዬ ሜትሬን አውጥቼ ሐጃ ዘንድ ሄድኩ። ወገባቸውን ስለካ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ "ለማን ሠርግ ነው?" አሉኝ።

"ለርስዎ ነዋ፣ ሐጃ።"

"መጀመሪያ ሙሽራውን አሳይኝ!" አሉ። ከመጣሁ ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰይደሊያ፣ ማለትም ፋርማሲ ወረድኩ። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ስጠኝ ስለው ሻጩ ልጅ ፊቱ ቀላ። "እህቴ፣ ይሄ ጫማ አይደለም የሚሞከረው!"

"ሳልሞክር አልገዛም" አልኩት። በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ የተሰረቀ ዕቃ ይመስል በመደርደሪያው ሥር አቀበለኝ።

ቤት ገብቼ ከየዓይነቱ አንዳንዱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈሰስኩ። ትንሽ ቆይቼ ነጭ ሶፍት አስቀምጬ በእጄ ተጫንኩ። አንዱ የጠጣውን ውሃ መልሶ ተፋው። አንዱ ዳር ዳሩን ለቀቀው። አንዱ ግን ምጥጥ አደረገውና ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ተነሳ። ይህም አልበቃኝም፤ የቀሩትን ደረቆቹን እኔው ራሴ እየቀያየርኩ ለብሼ ዋልኩ። ደረጃ ወጣሁ፣ ቁጢጥ አልኩ፣ ሰገድኩ። ላስቲክ የተለበጠው እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል፤ ሙቀቱም ያሳክካል። ውጩ ጨርቅ ጨርቅ የሚለው ግን አየር ያስገባል፣ መልበሴንም አስረሳኝ። ማዳም ሪም ወጥ ቤት ገብታ ሁሉንም ስታይ "መጅኑና!" አለችኝ፤ እብድ ማለቷ ነው። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ እኔ የመረጥኩትን፣ በሐጃ ልክ ገዛችላቸው።

ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋምና። ወገብም ዳሌም ይለካል፣ የሚበልጠው ይወሰዳል፣ ፓኬቱ ላይ ካለው ልክ ጋር ይተያያል። የጭኑ ላስቲክ ድርብ ይሁን፤ ጣት ካሾለከ ውሃም ያሾልካል፣ ቆዳ ላይ መስመር ከሠራ ደግሞ ጠቧል። ለሚራመድ ሰው እንደ ፓንት የሚሳበው ይሻላል፤ ለሚተኛ ሰው በጎን የሚለጠፈው። ብዙ ይይዛል ተብሎ ግን ቀኑን ሙሉ አይዋልበትም፣ ቆዳ ይላጣል።

ሐጃ በሦስተኛው ሳምንት ከወንበራቸው ተነሱ። ጓደኛቸው ቤት ሻይ ሊጠጡ ተሻገሩ፤ ካርታ ተጫውተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ተመለሱ።

ጊዜ ቆይቶ በሰሜን የተነሳው ጦርነት ወደ ወሎ ወረደ። ስልክ ተቋረጠ። በቀን አሥር ጊዜ እደውላለሁ፣ አይሠራም። ሐይቅ ምን ሆነ፣ ውጫሌ ምን ሆነ፣ የሚነግረኝ የለም። ሳህን እያጠብኩ ሳለቅስ ሐጃ ከኋላዬ ይመጡና ትከሻዬን ይዘው ዱዓ ያደርጉልኛል። ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የሉባባን ነው።

"እማስ?"

"አለች እታለም፤ አልሀምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን።"

ተንፍሼ ሳልጨርስ ነገሩን ዘረገፈችው። ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ አይሱዙ ላይ ቦታ ተገኝቶላቸው ነበር። እናቴ አልሳፈርም አለች።

"ለምን?"

ሉባባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር። ሽንት ያመልጣታል። እኔን ከወለደች ወዲህ ነው፤ ከዓመት ዓመት እየባሰባት መጣ። ሰው መሐል ተጨናንቄ ከምዋረድ እዚሁ ልሙት አለች። በኋላ በእግር ይሁን ስላት እሺ ብላ አርዲቦ ማዶ አክስታችን ዘንድ ሄድን፤ እስኪረጋጋ እዚያ ነበርን። ሦስት ጊዜ ጥሻ ገብታለች፣ ግን ከእኔ እኩል ተራመደች" አለችኝ።

እግሬን ያመኛል ያለችኝ እናቴ! ሚኒባሱ ውስጥ ሰው አጠገብ መቀመጥ ፈርታ እንጂ ልጇን ለመሸኘት ሰንፋ አልነበረም። እኔ በሰው አገር የሰው እናት ስለካ፣ የራሴ እናት በዚሁ ምክንያት ሞት አፍ ላይ ልትቀር ነበር።

በማግስቱ ደወልኩላት።

"እማ፣ የወገብሽንና የዳሌሽን ልክ ፈልጌ ነበር።"

"ለምኑ?"

"ቀሚስ ልሰፋልሽ።"

"ቀሚሱ ትከሻ የለውም? ደረት የለውም?"

የልብስ ሰፊ እናት መሆኗን ረስቼ! ቀስ ብላ፣ "ሉባባ ነገረችሽ" አለች።

"ነገረችኝ። እማ፣ እዚህ የምጠብቃቸው ሐጃም እንዳንች ናቸው። ትናንት ከሠርግ ነው የመጡት።"

"ሐጅ ያደረጉት ሴትዮ?"

"ሐጅ ያደረጉት ሴትዮ።"

"ሰላታቸውንስ?"

"ለየሰላቱ ታጥበው፣ ቀይረው፣ አዲስ ውዱ አድርገው ይሰግዳሉ። አላህ የማይቻል አላዘዘም ይላሉ። አንችም ሸሁን ጠይቂ።"

ትንሽ አለቀሰች፣ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ወደ ሉባባ ዞራ፣ "ሜትሩን አምጭ፤ በሩን ግን ዝጊው" ስትል ሰማኋት። ጤና ጣቢያም እንድትሄድ አስማልኳት። እዚያ ያለችው ነርስ የሚታከም ነገር መሆኑን ነግራ፣ የታችኛውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳየቻት። "ይህን ሁሉ ዘመን ለብቻዬ!" ብላ ተንገበገበች።

በእናቴ ልክ የገዛሁትን ዳይፐር ይዛልኝ የሄደችው ኑሪያ ናት፤ የውጫሌ ልጅ፣ አማን የተዋወቅኳት ጓደኛዬ። አዲስ አበባ ስትደርስ ፈታሹ ሻንጣውን ከፈተው።

"ስንት ልጅ አለሽ?"

"ልጅ የለኝም።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ ዳይፐር ለማን ነው? ንግድ ነው?" አለና አንዱን ዘርግቶ አንጠለጠለው። የአዋቂ ልክ ሆኖ ሲያየው ደነገጠ፣ ሰልፈኛውም አንገቱን አሰገገ። ከኑሪያ ኋላ የቆሙ ሽማግሌ ሰውዬ ግን፣ "ልጄ፣ እኔም ለብሼዋለሁ፤ እሱን እጠፍና ቶሎ በል፣ ሳይሞላብኝ እንሂድ" አሉት። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ፣ ሻንጣው ተዘጋ፣ ኑሪያ አለፈች።

ያ ሲያልቅ እናቴ ደሴ ሄዳ ራሷ መግዛት ጀመረች። ፋርማሲ ገብታ "አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጣ" ስትል፣ ባለቤቱ ኪኒን ልትውጥ መስሎት ሰጣት። በዳይፐሩ ላይ ስታፈስበት ሰውዬው ሊያብድ ነበር አለች ሉባባ። አሁን ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴም "ሙሚና ሳታይልኝ አልገዛም" እያሉ አብረው ይሄዳሉ።

ባለፈው ዓርብ ደወልኩ፣ አላነሳችም። ደገምኩ። በሦስተኛው ተነሳ፤ ጭብጨባና እልልታ ጆሮዬን ሞላው።

"እማ፣ የት ነሽ?"

"ውጫሌ! የወንድሜ ልጅ ሠርግ! በአውቶቡስ መጣሁ፣ ሰው መሐል ተቀምጬ!"

"ደህና ነሽ?"

"ምን? አይሰማኝም! ዘምዘሜ፣ ሙሽራዋ ወጣች፣ ኋላ ደውይ!"

ስልኩን ሳትዘጋው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም አልዘጋሁትም። የሐጃን ልብስ ላሰጣ ሰገነት ላይ እንደወጣሁ፣ እርጥቡን በአንድ እጄ ይዤ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ሴቶቹ ይዘፍናሉ። የእናቴን ጭብጨባ ለየሁት ብዬ እምላለሁ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች አላወቅኩም፣ ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ሙሚና! ዘምዘምስ መች ነው የምትመጣው?" አለቻት።

እናቴ መለሰችላት። ምን እንዳለች ግን ከበሮው ዋጠብኝ።